ድርብ መዝገብን በኮምፒዩተር ስለ ማጥፋት፤ የፌሌጊና የሰንተር ትምህርት በሐሙሲት ስሞች ሲመዘን

አንድ ሰው በአንድ መዝገብ ሁለት ጊዜ ቢጻፍ ጕዳቱ ለሁሉም ይታያል። ማዳበሪያ ሁለት ጊዜ ይወጣለታል፤ አጎበር ሁለት ጊዜ ይታደለዋል፤ የወረዳውም ሕዝብ ከእውነተኛው ቍጥር በልጦ ይገኛል። ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ተቈጥረው አንዱ ከመዝገብ ቢሰረዝ ግን ጕዳቱ ድምፅ የለውም። የተሰረዘው ሰው አቤት የሚልበት ረድፍ እንኳ አልተረፈለትምና፥ መርማሪ ቢመጣ የሚያየው የጸዳ መዝገብ ብቻ ነው። ከሁለቱ ስሕተቶች የፊተኛውን ለማጥፋት ብዙ ገንዘብና ብዙ ሊቅ ተሰማርቷል፤ የኋለኛው ግን የሚገባውን ያህል ተመርምሯል አንልም።

ዛሬ ከመስክ በታብሌትና በእጅ ስልክ የሚሰበሰበው መረጃ፥ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በተማሪዎች ጥናት፥ የሰው እጅ ሳይነካው በተቀነባበረ ፕሮግራም እየተጣራ ወደ ዋናው መዝገብ ይገባል። በዚህ ማጣሪያ መካከል «ድርቡን አጥፋ» የሚል አንድ ትእዛዝ አለ። ትእዛዙ የአንድ መስመር ነው፤ ከኋላው ያለው ትምህርት ግን የ80 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። የዚህ ሒስ ዓላማ ያን ትምህርት ከነባለቤቶቹ አቅርቦ፥ በሐሙሲትና በፎገራ ሜዳ ስሞች ላይ ሲሠራ የሚጸናበትንና የሚሰናከልበትን ቦታ ለማሳየት ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር ከመንገድ እናንሣ። መዝጋቢው ቅጹን ልኮ ኔትወርክ ሲቋረጥበት እንደገና ይልካል፤ ስለዚህ አንዱ ቅጽ ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ይህ እውነተኛ ድርብ ነው፤ መድኀኒቱም ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቅጽ በተሞላበት ጊዜ የራሱ መለያ ቍጥር ይሰጠዋልና፥ ቍጥሩ የተደገመውን አንዱን መተው ይበቃል። ስም ማመሳከር አያስፈልግም። ክርክራችን ከዚህ ጋር አይደለም፤ መለያ ቍጥር በሌለበት፥ ወይም አንዱ ሰው በሁለት የተለያዩ ቀኖች ተመዝግቦ ሁለት ቍጥር በተሰጠው ጊዜ ኮምፒዩተሩ በስም ወደሚፈርድበት ጕዳይ ነው።

መዝገብን ከመዝገብ የማገናኘትን ሐሳብ በ1946 (ዓመታቱ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በግልጽ ያቀረበው አሜሪካዊው ሀልበርት ደን ነው። በእርሱ አስተያየት እያንዳንዱ ሰው ከልደቱ እስከ ሞቱ አንድ የሕይወት መጽሐፍ አለው፤ መዝገብ ማገናኘትም የዚህን መጽሐፍ የተበተኑ ገጾች ሰብስቦ መጠረዝ ነው። በ1959 ካናዳዊው ሃዋርድ ኒውኮምብ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የልደትን መዝገብ ከጋብቻ መዝገብ ጋር በኮምፒዩተር ማገናኘት እንደሚቻል አሳየ። በ1969 ደግሞ ኢቫን ፌሌጊና አላን ሰንተር የተባሉ ሁለት የካናዳ የስታቲስቲክስ ሰዎች ለዚህ ሥራ የሒሳብ መሠረት ሰጡት። ዛሬ የሚሠራባቸው ብዙዎቹ መሣሪያዎች፥ የእንግሊዝ የፍትሕ ሚኒስቴር ያወጣው ስፕሊንክ የተባለው ሳይቀር፥ የእነዚህ የሁለቱ ሰዎች ደቀ መዛሙርት ናቸው።

ትምህርቱ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። ሁለት ረድፎች ጐን ለጐን ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዱ ዓምድ፥ ለስሙ፥ ለአባቱ ስም፥ ለልደት ዘመኑ፥ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። ረድፎቹ በእርግጥ የአንድ ሰው ቢሆኑ ይህ ዓምድ ምን ያህል ጊዜ ይገጥማል? የሁለት ሰዎች ቢሆኑስ በአጋጣሚ ምን ያህል ጊዜ ይገጥማል? የፊተኛው ለኋለኛው ተካፍሎ በ2 መሠረት ሎጋሪዝሙ ሲወሰድ የዓምዱ ሚዛን ይሆናል። ሚዛኖቹ ተደምረው ድምሩ ከላይኛው ወሰን በላይ ቢሆን «አንድ ሰው»፥ ከታችኛው ወሰን በታች ቢሆን «ሁለት ሰው» ይባላል። በሁለቱ ወሰን መካከል የወደቀውን ግን ኮምፒዩተሩ አይፈርድበትም፤ ለሰው ያቀርበዋል።

የዚህን ትምህርት ውበት ያልተረዳ ሰው ሊነቅፈው አይገባም። ፌሌጊና ሰንተር የሰው መርማሪ አያስፈልግም አላሉም። ያሉት፥ አስቀድመን በተስማማንበት የስሕተት መጠን ውስጥ ሆነን ወደ መርማሪው የሚሄደውን ክፍል ከሁሉ ይልቅ የሚያሳንሰው ደንብ ይህ ነው፤ ይህንም በሒሳብ አረጋግጠዋል። ደግሞም ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም ቢገጥም ማስረጃነቱ ደካማ፥ ጥቂት ሰው የሚጠራበት ስም ቢገጥም ማስረጃነቱ ብርቱ መሆኑን በስሌታቸው ውስጥ አስገብተዋል። አበበ ከአበበ ጋር ቢገጥም ብዙ አያስደንቅምና ይህ ለእኛ አገር እጅግ የሚስማማ ነው።

እንግዲህ ትምህርቱን ወደ ሐሙሲት እናምጣው። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ወደ ጐንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ በደቡብ ጐንደር በደራ ወረዳ የምትገኝ፥ ስሟም እንደሚያስረዳው የሐሙስ ገበያ የወለዳት ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት፥ በሩዙ የታወቀው የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። በዚህ አገር የአንድ ገበሬ ስም በይዞታ ደብተር፥ በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ዝርዝር፥ በኅብረት ሥራ ማኅበር፥ በጤና ኬላው የቤተ ሰብ ማኅደርና በልጆቹ ትምህርት ቤት ይገኛል። የፎገራ ወረዳ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ግድም ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ለሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበረ። መድኅኑ በቤተ ሰብ የሚገባበት ስለ ሆነ ከቤተ ሰቡ መካከል አንድ ስም በስሕተት ቢጐድል ጕድለቱ የሚታወቀው በሽታ ሲመጣ ነው።

መጀመሪያ የሚያጋጥመን ፊደሉ ነው። «ሐሙሲት» የሚለውን ስም ድምፁን ሳንለውጥ በስንት ዐይነት መጻፍ ይቻላል? የመጀመሪያውን ፊደል በሀ፥ በሃ፥ በሐ፥ በሓ፥ በኀ፥ በኃ ልንጽፈው እንችላለን፤ ሦስተኛውን በሲም በሢም። ይህ 12 ነው። «ኃይለ ሥላሴ» ቢሆን ስድስቱ «ሀ»ዎች፥ ሁለቱ «ስ»ዎች፥ ሁለቱ «ሴ»ዎች፥ አንድ ላይ መጻፍና ለይቶ መጻፍ ተባዝተው 48 ይሆናሉ። ሊቃውንቱ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ትክክል ይላሉ፤ ትክክልም ናቸው። በገበያ ቀን ከዛፍ ሥር ቆሞ የሚመዘግብ ወጣት ግን ቶሎ በእጁ የመጣውን ይጽፋል።

እዚህ ላይ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መልሱ» የሚል ነው። ለማመሳከር ሲባል በተለየ ዓምድ የተመለሰ ቅጅ ቢዘጋጅ መልካም ነው፤ እኛም እንደግፈዋለን። የምንቃወመው ዋናው ጽሕፈት ራሱ ተለውጦ ሲቀር ነው። በግዕዝ ሠዐለና ሰአለ፥ ሠረቀና ሰረቀ አንድ አይደሉም፤ ሥዕልና ልመና፥ መውጣትና ሌብነት ተለይተው የሚታወቁት በፊደላቸው ነው። ማጣሪያው ዋናውን ፊደል ካጠፋው በኋላ የሚመልሰው የለም።

ፊደሉን ሳይመልሱ የሚሠሩት ግን የባሰ ነገር ይገጥማቸዋል። 10,000 ረድፍ ያለው መዝገብ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ቢነጻጸር 49,995,000 ጥንድ ይሆናል። ይህ ስለሚበዛ ማጣሪያዎቹ መዝገቡን በፊደል ተራ ደርድረው ጎረቤት ከጎረቤት ብቻ ያነጻጽራሉ፤ ሄርናንዴዝና ስቶልፎ በ1995 ያስፋፉት ዘዴ ነው። በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ቦታ ሲይዝ የተሰለፈው በቈየው የሀለሐመ ተራ ስለ ሆነ በሀና በሐ መካከል የለ ቤት በሙሉ አለ፤ በሐና በኀ መካከል ከመ እስከ ቸ ያሉት ቤቶች አሉ። ስለዚህ ሀሙሲት፥ ሐሙሲትና ኀሙሲት አንድ ከተማ ሆነው ሳለ በተራው ውስጥ እንደ ሩቅ አገር ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ፈጽሞ አይነጻጸሩም። ማጣሪያው ድርቡን ያላገኘው መርምሮ ሳይሆን ሳያየው ነው።

የስምን መመሳሰል በቍጥር የሚለኩ ዘዴዎችም አሉ። ማቲው ጄሮ በ1989 ያወጣውን ልክ ዊሊያም ዊንክለር በ1990 ሲያሻሽለው፥ የመጀመሪያ ፊደላቸው የሚገጥም ስሞች ተጨማሪ ነጥብ እንዲያገኙ አደረገ። ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ስም መጀመሪያ ላይ የጽሕፈት ስሕተት ብዙ ጊዜ አይደርስም። በአማርኛ ግን ከላይ እንዳየነው ብዙውን ጊዜ የሚለዋወጠው የስሙ ራስ ነው፤ ሀና ሐ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀ። ስሌቱን በእጃችን ሠርተን አይተነዋል። ኃይሉና ሀይሉ፥ አንዱ ስም ሆኖ ሳለ፥ 0.78 ያገኛሉ። አበበና አበባ፥ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ሆነው ሳሉ፥ 0.82 ያገኛሉ። ወሰኑ በ0.80 ቢደረግ ማጣሪያው አበበን ከአበባ አጋብቶ አንድ ሥጋ ያደርጋቸዋል፤ ኃይሉን ግን ከራሱ ይለየዋል።

ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ዕረፍት የለም። ራስል በ1918 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ሳውንዴክስ የሚባለው የድምፅ ቍጥር፥ ኒውኮምብም የተጠቀመበት፥ አናባቢዎችን ይተውና ተነባቢዎችን በስድስት ክፍል ይመድባል። በዚህ ደንብ አባተና አብዲ ሁለቱም ኤ130 ናቸው። ፀሐይ ደግሞ በ«ጸ» ድምፅ ስትጻፍ ቲ200፥ በ«ሰ» ድምፅ ስትጻፍ ኤስ000 ትሆናለች። ለአሜሪካ ስሞች የተሠራ ወንፊት የእኛን ጤፍ ሲነፋ ይህን ያህል ቢያሾልክ አያስደንቅም፤ የሚያስደንቀው ዛሬም የሚጠቀምበት መገኘቱ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን በሥራ ሊታረም የሚችል ነው። የፊደል መመለሻ፥ ለአማርኛ የተዘጋጀ የመመሳሰል ልክ፥ በቀበሌ መከፋፈል፥ ይህ ሁሉ አንድ ትጉ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር የሚጨርሰው ነው። ዋናው ነቀፌታችን ከዚህ የጠለቀ ነው።

ፌሌጊና ሰንተር ስሌቱን ለማቅለል ሲሉ አንድ ግምት ይዘዋል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ዓምድ ከሌላው ነጻ ሆኖ ይመሰክራል የሚል ነው። በእኛ የስም ሥርዐት የአባት ስምና የአያት ስም ሁለት ምስክሮች አይደሉም። የአባቱ ስም በእርግጥ የአንዱ አባት ከሆነ የአያቱ ስም አብሮ መግጠሙ ግድ ነው፤ ምስክሩ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት ጊዜ ቃሉን ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ሁሉ ገና ከመነሻው ከሦስት ስሞች ሁለቱን ገጥመው ይቀርባሉ።

ለምሳሌ ብቻ በወሰድነው ቍጥር እንመልከተው። አንድ የስም ዓምድ በአንድ ሰው ሁለት ረድፎች ላይ ከ100 በ90 ይገጥማል፥ በሁለት ሰዎች ረድፎች ላይ ከ100 በ1 ይገጥማል እንበል። ሲገጥም ሚዛኑ 6.5፥ ሳይገጥም ከዜሮ በታች 3.3 ይሆናል። የልደት ዘመን በ80 እና በ5 ቢገመት ሲገጥም 4 ይሰጣል። አሁን ሁለት መንታ እኅትማማቾች ይምጡ። የራሳቸው ስም አይገጥምም፤ የአባት፥ የአያትና የልደት ዘመን ይገጥማል። ድምሩ 13.7 ነው።

ቀጥሎ አንዲት ሴት ትምጣ። በጤና ኬላው አበባ ተብላ፥ በሌላ ቀን ደግሞ በክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ተብላ ተመዝግባለች። በዓለም ስምና በክርስትና ስም መጠራት በአገራችን የታወቀ ነው፤ አበባን ወደ ወለተ ማርያም የሚመልስ የፊደል ደንብ ግን የለም። የራሷ ስም አይገጥምም፤ የአባት፥ የአያትና የልደት ዘመን ይገጥማል። ድምሩ 13.7 ነው።

እነሆ ሁለት ሰዎች የሆኑት መንታዎችና አንዲት ሰው የሆነችው አበባ አንድ ዐይነት ውጤት አገኙ። ወሰኑን ከዚህ በታች ብናደርገው መንታዋ ትሰረዛለች፤ ከዚህ በላይ ብናደርገው አበባ ሁለት ትሆናለች። የተሻለ ኮምፒዩተር ቢመጣ፥ የረቀቀ ስሌት ቢመጣ፥ በእነዚህ ዓምዶች ብቻ ሊለያቸው አይችልም፤ የሚለያቸው ነገር በመዝገቡ ውስጥ የለምና። ያለው በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ራስ ውስጥ ነው። እርሷ በዚያ ቤት መንታ መወለዱን ታውቃለች። ፌሌጊና ሰንተር መካከለኛውን ክፍል የተዉት ለእንዲህ ያለው ሰው ነበረ።

የዛሬው ማጣሪያ ግን ሁለቱን ወሰን አንድ አድርጎታል። ሥራው በሌሊት በራሱ የሚሄድ ስለ ሆነ የሚጠብቀው መርማሪ የለም፤ መርማሪ ስለሌለም መካከለኛው ክፍል ችግር ሆኖ ታየ፤ ችግር ሆኖ ስለ ታየ ተቈረጠ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በፍጥነት የተጣበቀው መዝገብ ሕክምና በተፈለገበት ቀን ይፈታል። ይህን ያደረጉ ሰዎች በፌሌጊና በሰንተር ስም ሲምሉ እንሰማለን፤ ከትምህርቱ ግን የወሰዱት መደመሪያውን ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰ የሚሆነው ጥንዶቹ ሲቀጣጠሉ ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሀ ከለ ጋር፥ ለ ከሐ ጋር አንድ ከሆኑ ሀ እና ሐ አንድ ናቸው ብለው ሰንሰለቱን ወደ አንድ ክምር ይሰበስባሉ። በሒሳብ ይህ ያምራል። በአንድ ግቢ ውስጥ ስድስት የወንድማማች ልጆች ባሉበት ግን እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በጥቂቱ እየተመሳሰለ ሰንሰለቱ ቤተ ሰቡን ሁሉ አንድ ሰው ሊያደርገው ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝ ደግሞ፥ በኤክሴልም ሆነ ፓንዳስ በተባለው የፓይተን መሣሪያ እንደ ተለመደው፥ የመጀመሪያውን ረድፍ አስቀርቶ የቀረውን መጣል ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ለምን ተመረጠ ቢባል መጀመሪያ ስለ መጣ ብቻ ነው። የስልክ ቍጥሩ የተሟላበት፥ የልደት ዘመኑ በትክክል የተጻፈበት ሁለተኛው ረድፍ ሊሆን ይችላል። የልደት ዘመንም ካነሣን፥ አንዱ መዝጋቢ በእኛ ሌላው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሲጽፍ የሚመጣው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አንዱን ሰው ታላቅና ታናሽ ወንድም ያደርገዋል።

«ይህ ሁሉ ፋይዳ ሳይመጣ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። በዐዋጅ ቍጥር 1284/2015 የቆመው የዲጂታል መታወቂያ ሰውን የሚለየው በጣት አሻራ፥ በዐይን ብሌንና በፊት ምስል ሲሆን ለእያንዳንዱም 12 አኃዝ ያለው ቍጥር ይሰጣል። ስምን ከፍርድ ወንበር ማውረዱ ታላቅ ነገር ነው፤ መንታዎቹም በአሻራቸው ይለያያሉ። ነገር ግን ፋይዳ ሰውን ከሰው ይለያል እንጂ የቈየውን መዝገብ አይለይም። ቍጥሩ ባልተጻፈበት የይዞታ ደብተርና የቤተ ሰብ ማኅደር ላይ ቍጥሩን ለመጻፍ አስቀድሞ ይህ ረድፍ የማን ነው ተብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያ ጥያቄም በስም የሚመለስ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ እንኳ ዐዋጁ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ሥራው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ለተወለደው ገበሬ የምንመለከተው የልደት ገጽ የለም። ደንም የሕይወት መጽሐፍ ያለው በልደት ገጽ የሚጀምር ነበረ።

ፍትሐዊ ለመሆን፥ የእኛ ሥርዐት ከካናዳው የሚቀልበት አንድ ቦታ አለ። በዚያ ሴት ስታገባ የቤተ ሰብ ስሟ ይለወጥ ስለ ነበር ኒውኮምብ የተቸገረበት ነገር፥ በአባቷ ስም እስከ መጨረሻ ለምትጠራው ለሐሙሲቷ ሴት አይደርስም። ይህን ጥቅም በአማርኛ ስም ላይ የሚሠሩ ሰዎች እስካሁን በሚገባ አልተጠቀሙበትም።

እኛ የምንለው እንግዲህ ይህ ነው። የአባትና የአያት ስም በስሌቱ ውስጥ እንደ አንድ ዓምድ ይቈጠሩ። ሁለቱ ወሰኖች ይመለሱ፤ መካከለኛው ክፍል በየወሩ ለቀበሌው ሰው በወረቀትም ቢሆን ይቅረብ። ረድፍ አይሰረዝ፤ «ይህ ከዚያ ጋር አንድ ነው ተብሏል» የሚል ማያያዣ ከቀኑና ከፈራጁ ጋር ይጻፍ፤ መንታዋ በመጣች ቀን ማያያዣው ተፈትቶ ረድፏ ይገኝ ዘንድ።

ስለ ቦታ ስሞችም ጥቂት እንጨምር። በቦታ ላይ ማጣሪያው የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው። ደራ የሚባል ወረዳ በደቡብ ጐንደር አለ፤ በኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ ደግሞ ዋና ከተማው ጉንዶ መስቀል የሆነ ሌላ ደራ አለ፤ በአርሲም ደራ የሚባል ከተማ አለ። የገበያ ቀን ስም የያዙ ከተሞች ከዚህ ይልቅ ይመሳሰላሉ። በደቡብ ጐንደር ብቻ አንድ ዓርብ ገበያ ሐሙሲት ባለችበት በደራ ወረዳ፥ ሌላ ዓርብ ገበያ በታች ጋይንት ይገኛሉ፤ ዞናቸውም ስማቸውም አንድ ነው። ወረዳውን ሳይጠይቅ በስምና በዞን ብቻ የሚፈርድ ማጣሪያ ሐሙሲትን በ12 አጻጻፍ 12 ከተማ አድርጎ ሲተዋት፥ ሁለቱን ዓርብ ገበያዎች አንድ ያደርጋቸዋል፤ የታች ጋይንቱም ሕዝብ በደራ ይቈጠራል።